ላላ ባቱል ቅሬታ ስትለምን

ትምህርት ቤት ለማንም ያልቃል። ለአብዛኛው ሰው ግን ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ ሌላ በር አለ፤ ሥራ አለ፣ ትዳር አለ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ካፌ ተቀምጦ “ሥራ ጠፋ” እያሉ ማማረር አለ። ላላ ባቱል የምታስተምራቸው ልጆች ከበሩ ወዲያ የሚጠብቃቸው የእናታቸው ሳሎን ብቻ ነበር።

ባቱል፣ በሞሮኮ ሴትን ሲያከብሩ “ላላ” ይላሉና ላላ ባቱል፣ በሳሌ ከተማ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በተከፈተ ክፍል ውስጥ ረጅም ዘመን አስተምራለች። ጫማ ማሰር፣ ሰዓት ማየት፣ ተራ መጠበቅ፣ “ይበቃኛል” ማለት፣ “ጨምሩልኝ” ማለት። አንዱ ነገር ብቻ ወራት ይፈጃል፤ ሲሳካ ደግሞ ክፍሉ የሰርግ ቤት ይሆናል። ከዚያ ልጁ ጺም ያወጣል፤ ትምህርት ቤቱም “እድሜው አልፏል” ብሎ ያሰናብተዋል።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የቀድሞ ተማሪዋን የሐማዲን እናት ላላ ኸዱጅን አገኘቻቸው።

“ሐማዲ እንዴት ነው?”

“አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ተቀምጧል።”

ተቀምጧል። ቃሉ ባቱልን እስከ ቤቷ ተከተላት። በማግስቱ ልትጠይቀው ሄደች። ሐማዲ በእርግጥም ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ ትራሶች መሀል፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሙሉ ሰው ሆኖ። ሲያያት ደስ ብሎት ተነሳ፤ እስከ መንገድ ሊሸኛት ፈለገ። ያኔ ላላ ኸዱጅ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተንበረከኩና የልጃቸውን ጫማ ማሰር ጀመሩ።

“ላላ ኸዱጅ፣ እሱ እኮ ይችላል! አንድ ክረምት ሙሉ ተምሮታል።”

“እጁ ረሳው ልጄ። ደግሞስ ምን ያስቸኩለናል? የትም አይሄድ።” ሴትዮዋ ቀና አሉ። “እኔ የምፈራው ስለ ጫማው አይደለም። እኔ የሞትኩ ቀን ይሄ በር ቢዘጋ፣ ሐማዲ የት ገባ ብሎ የሚያንኳኳ ሰው አለ? እሱን ነው የምፈራው።”

ባቱል ጥያቄውን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጥያቄው የእሷም ሆነ።

ከአክስቷ የወረሰችው፣ ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ ያለበት አሮጌ ቤት ነበራት። ማስተማሩን ትታ እሱን ከፈተችው። ትምህርት ያበቃላቸው ጎልማሶች ጠዋት ይመጣሉ፣ አብረው ይውላሉ፣ ከሰዓት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ዶቃ ይሰካሉ፣ የወረቀት አበባ ይሠራሉ፣ ሥዕል ይቀባሉ። እናቶች መረቋት። ሐማዲ ግን ረፋዱ ላይ ይጠፋል።

ሁልጊዜ የምታገኘው አንድ ቦታ ነው፤ ሰፈሩ “ማዓለም”፣ ባለሙያ፣ በሚላቸው በጋጋሪው በቡሽታ መጋገሪያ ቤት ደጃፍ ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እቶኑን ሲመለከት።

“ተይው እንጂ ላላ ባቱል!” ይላሉ ማዓለም ቡሽታ ረጅሙን የእንጨት አካፋቸውን ወደ እሳቱ እየሰደዱ። “ሲጋራ አያጨስ፣ ስለ ኳስ አይጨቀጭቀኝ፣ ብድር አይጠይቀኝ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል?”

“ዶቃውን እንዲጨርስ ብዬ ነው።”

“ዶቃ?” ቡሽታ ሐማዲን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። “ይሄን የሚያህል ሰውዬ?”

ባቱል ሐማዲን ይዛ ተመለሰች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሎሚው ሥር ተቀምጣ ግቢዋን ዙሪያውን አየችው። ያማረ ግቢ ነው። ሆኖም በሩ ዝግ ነው፤ የሰፈሩ ሰው አይገባበትም፣ ከውስጥ ያለውም አይወጣም። የሠራችው ነገር ሌላ ሳሎን ነው፤ ትንሽ ሰፋ ያለ ሳሎን።

ስለዚህ ገለበጠችው። ቤቱ ጠዋት የሚሰባሰቡበት፣ ምሳ የሚበሉበት፣ የቀኑን የሚያወሩበት ሆኖ ይቅር፤ ቀኑ ራሱ ግን ሰፈር ውስጥ ይዋል። አንዷ ሐማም፣ የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት፣ ፎጣ ለማጣጠፍ ሄደች። አንዱ ከከተማው በር አጠገብ ያሉትን ችግኝ ሻጮች ውኃ በማጠጣት ያግዝ ጀመር። ሐማዲ የሚሄድበትን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የሳሌ ሴቶች ሊጣቸውን ቤታቸው አቡክተው፣ ድቡልቡሉን በሳንቃ ላይ ደርድረው፣ በየቤታቸው ጨርቅ ሸፍነው ወደ ሰፈሩ እቶን ይልካሉ። ሲበስል ደግሞ ሰው ያመጣላቸዋል። ሳንቃ ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ባቱል ይህን ሥራ ለሐማዲ ያስተማረችበት መንገድ እጅግ የሚያስደስት ስለሆነ ቀስ ብሎ ማየት ይገባዋል።

ሰው ሥራ ሲያስተምር ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ተማሪው የመጀመሪያዋን ነገር ይሞክራል፤ የቀረውን መምህሩ ተቀብሎ ይጨርሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ተማሪው ሁልጊዜ ጀማሪ ነው፣ የፍጻሜው ደስታ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። ባቱል ከጭራው ትነሳለች። የዳቦ ሥራ የመጨረሻው ነገር ምንድን ነው? በር ማንኳኳት፣ “ዳቦ!” ማለት፣ ማስረከብ። ስለዚህ ሳንቃውን ከእቶኑ እስከ በሩ ራሷ ተሸክማ ሄደች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ለሐማዲ ሰጠችው። አንኳኳ። “ዳቦ!” አለ። በሩ ተከፈተ፤ ምስጋናው የእሱ ሆነ። ይህ በደንብ እጁ ሲገባ፣ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቃ ታስረክበው ጀመር። ከዚያ ከቧንቧው ጥግ። ከዚያ ከመስጊዱ ግድግዳ። መንገዱ ከበሩ ወደ እቶኑ ወደ ኋላ እየረዘመ ሄደ፤ ማስረከቡ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሐማዲ ነበር። አንድ ጠዋት ማዓለም ቡሽታ ሳንቃውን በቀጥታ ለሐማዲ ሰጡት፤ ባቱል ባዶ እጇን ቆማ ቀረች። ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ባዶ እጅ የለም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የሐማዲ ሳንቃዎች እየቀነሱ መጡ። ማንም ምንም አላለም፤ ብቻ ይህቺም ያቺም ዳቦዋን በዘመድ ትልክ ጀመር።

“ምን አጠፋ?” ብላ ቡሽታን ጠየቀቻቸው።

ማዓለም ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ዳቦው በረዶ ሆኖ ነው የሚደርሰው አሉ። ለሱ እንዳትነግሪው ብለውኛል።”

በማግስቱ ባቱል ራቅ ብላ ተከተለችው። ሐማዲ ከእቶኑ ሲወጣ አረማመዱ እንደ ሙሽራ ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያው በር ተከፈተ።

“ሲዲ ሐማዲ! የኔ በረከት! ና ቁጭ በል። ልጄ ፈተና አለባት፣ ዱዓ አድርግላት።”

ሐማዲ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ስኳር ተሰጠው፣ መዳፉን ዘረጋ፣ “አሚን” አለ። ሁለተኛው በር፦ ተምርና ሌላ ዱዓ፣ ለወገብ ሕመም። ሦስተኛው በር፦ ብስኩትና የባል ጸባይ። የቀሩት ዳቦዎች ሳንቃው ላይ ተሰልፈው የሰውን ጉዳይ ይጠብቃሉ።

እዚህ ሰፈር እንደ ሐማዲ ያለ ሰው የአላህ እንግዳ ነው፤ “ሲዲ”፣ ጌታዬ፣ ይባላል። ማንም አይሰድበውም፣ አዋቂ አይስቅበትም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ነው። ግን ደግሞ ማንም አይቆጣውም። ባቱል ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ይህ ድንገት ታያት፦ ዳቦ አምጪ ማለት “ዳቦዬ ዘገየ!” የሚባል ሰው ነው። የማይወቀስን ሰው ማንም አይጠብቀውም። ያልተጠበቀ ሰው ደግሞ ቢቀር ማን ያንኳኳል? የላላ ኸዱጅ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ በስኳር ተለውሶ።

ስለዚህ ላላ ባቱል ቤት ለቤት እየዞረች ቅሬታ መለመን ጀመረች። ከጎረቤቷ ከራቢዓ ተነሳች።

“ዳቦሽ ቀዝቅዞ አይደለም የሚመጣው?”

“እንደ ድንጋይ!” አለች ራቢዓ።

“እንግዲያው ንገሪው። ‘ሐማዲ፣ ዳቦዬ ቀዘቀዘ፣ ነገ ቶሎ አምጣ’ በይው።”

“እኔ? ሐማዲን? አስተግፊሩላህ! ምላሴ ይቆረጥ! ከሱ እጅ ቀዝቃዛውም በረከት ነው።”

“በረከት ከሆነ ለምን አሁን በእህትሽ ልጅ ትልኪያለሽ?”

ራቢዓ የበሩን እጀታ ማሻሸት ጀመረች። “እ... ባሌ ትኩስ ይወዳል።”

በሁሉም በር እንዲህ ነው። አንዷ እንዲያውም “አንቺ ደህና ነሽ ግን?” ብላ ግንባሯን ዳበሰቻት። በመጨረሻ የቀረው ሰው ማንኳኳት የማይደፍረው በር ነበር፤ የላላ ኢጦ በር። ላላ ኢጦ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ የመስጊዱን ድመቶች ጭምር ያለ አድልዎ የሚሰድቡ ሴት ናቸው።

ጉዳዩን ሰምተው በመገረም አዩዋት። “ሰው እንድሳደብ ፈቃድ ልትሰጪኝ ነው የመጣሽው?”

“እንዲወቅሱት ነው ላላ። ሲገባው ብቻ።”

“እስካሁን ምንም ያላልኩት ቤቴ ስለምጋግር ነው። የጋዙ ምድጃ ዳቦውን ሳር አስመሰለው።” ትንሽ አሰቡ። “ነገ የልጄ አማቾች ይመጣሉ። በሱ እልካለሁ። አደራ፣ ኋላ ደግሞ ‘ላላ ኢጦ ክፉ ናት’ እንዳትሉ።”

“ማን ይላል?” አለች ባቱል።

“ሁላችሁም።”

በማግስቱ አማቾቹ ማዕድ ቀርበው ሻይ ሲጠጡ ዳቦው የለም። ሻይ ተደገመ፤ ዳቦው የለም። ሐማዲ ሲደርስ ላላ ኢጦ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ዳቦውን በጣታቸው ተጫኑት።

“ይሄ ዳቦ ነው ወይስ የመቃብር ድንጋይ? አማቾቼን ልቅበርበት ነው? በየደጁ ስኳር ስትልስ ነበር አይደል? ጺምህ ይመሰክርብሃል!”

ሐማዲ ወደ ኋላው ዞረ። ማንን እየተቆጡ እንደሆነ ሊያይ ነው። ከኋላው ሰው አልነበረም።

ቀስ ብሎ ዞሮ ተመለከታቸው። ሳንቃውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ፣ ጨርቁን አስተካክሎ ሸፈነው፣ ወደ እናቱ ቤት ሄደ።

ከሰዓት ላላ ኸዱጅ የሎሚውን ግቢ በር ሳያንኳኩ ገቡ። መሐረባቸው ተንሸራቷል።

“እድሜ ልኬን ክፉ ቃል ወደ ጆሮው እንዳይገባ እንደ ግድግዳ ቆምኩ። ሰው ሲመጣ ቀድሜ እየወጣሁ፣ ልጆች ሲስቁ እያባረርኩ። አንቺ ቤት ለቤት ዞረሽ ስድብ ለመንሽለት! ለምነሻል ወይስ አልለመንሽም?”

“ለምኛለሁ።”

“ትራሱ ውስጥ ተደፍቷል። ምሳ አልቀመሰም። በቃ ባቱል። እኔ ጋ ይቀመጥልኝ።”

ባቱል እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ዘዴዋ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ነበር፤ ለዚህኛው ደረጃ ማንንም አላዘጋጀችም፤ ሐማዲንም፣ እናቱንም። ከኋላ የሚጀመረውን ሁሉ ታውቃለች፤ ቁጣን ግን ከየትኛው ጫፍ እንደሚያስተምሩት አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መጋገሪያ ቤት ሄደች። የሐማዲ ቦታ ባዶ ነው። ሳንቃዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ቡሽታ አካፋቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ “ማንም አልጠየቀም” አሉ። ልቧን ያደማው ይኸኛው ነው። ስኳር የሰጡት ሁሉ፣ ዱዓ ያስደረጉት ሁሉ፣ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ላላ ኸዱጅ ቤት አመራች። ጥጉን ስትታጠፍ ላላ ኢጦ ረጅሙን ጀለባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሳንቃ በክንዳቸው ተሸክመው፣ በሩን በእግራቸው ሲደበድቡ አገኘቻቸው።

“ክፈቺ ኸዱጅ! ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊያመልጠኝ ነው!”

በሩ ተከፈተ። “ደግሞ መጣሽ? የቀረሽ ስድብ አለ?”

“ሞልቶ! ግን የሌላ ቀን ነው። ሠራተኛዬ የታለ?”

“ምንሽ?”

“ዳቦዬን የሚያመላልስልኝ ሰውዬ። ትናንት ቀዝቃዛ አመጣ፣ ተቆጣሁት። ዛሬ ትኩስ ማምጣት አለበት። ካልመጣ ምኑን ተቆጣሁት? ቁጣዬ ሜዳ ላይ ቀረ እኮ!”

“እሱ እንደ ሌላው ሰው አይደለም ኢጦ። ልቡ ስስ ነው።”

“ማዓለም ቡሽታን ስንት ጊዜ ሞልጬዋለሁ። አንድ ቀን ትራስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።”

“ቡሽታ ሌላ ነው!”

“ሌላ? ቡሽታም ዳቦ ያበላሻል፣ ልጅሽም ዳቦ ያበላሻል። ምን ልዩነት አላቸው? በይ ያዥልኝ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው።”

ላላ ኸዱጅ ሳያስቡት የሳንቃውን ጫፍ ያዙ። ሁለቱ አሮጊቶች ሊጥ መሀላቸው አድርገው ተፋጠጡ። ላላ ኸዱጅ፣ “ይሄን በር ሐማዲ የታለ ብሎ ያንኳኳ ሰው... አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ” አሉ።

“አላንኳኳሁም፤ በእግሬ ነው የመታሁት” አሉ ላላ ኢጦ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ። ሐማዲ ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ። ዓይኑ አብጧል። ላላ ኢጦን ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ሊጡን ግን አየው። ደፉ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አጠለቀ። ማሰሪያውን ያዘ። አንዱን በአንዱ ላይ አነባበረ፣ ፈታ። እንደገና አነባበረ። ላላ ኸዱጅ እንደልማዳቸው ጎንበስ ሲሉ ላላ ኢጦ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው።

“ተይው። ሊጡ ይጠብቃል።”

ሊጡ ጠበቀ። ባቱልም ጥጉ ላይ ጠበቀች። የአንዱ ጫማ ቋጠሮ ጠማማ ነበር፤ የሌላኛው ከዚያም የባሰ። ግን ያዘ። ሐማዲ ተነስቶ ሳንቃውን ከሁለቱ እጅ ተቀበለና በመንገዱ ሄደ።

ሲመለስ ራቢዓ ደጃፏ ላይ ስኳር ይዛ ቆማ ነበር። “ሲዲ ሐማዲ፣ የኔ በረከት!”

“ቆይ” አላት ሳይቆም። “ይቆጣሉ።”

ላላ ኢጦ ዳቦውን ገመሱት። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ወጣ። “እህ” አሉ። “ዛሬ ዳቦ ነው። ነገም እንዲሁ።” በሩን ዘጉ።

በዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ሐማዲ ለሐማሟ ልጅ፣ ለችግኝ አጠጪውና ለሌሎቹም ባልደረቦቹ የነገራቸው ስለ ትኩሱ ዳቦ አልነበረም። “ላላ ኢጦ ሰደቡኝ” እያለ ደረቱን ይነፋል። “ማዓለም ቡሽታንም ይሰድቡታል። እኔንም።”

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሰማይም አልተናደም። ራቢዓ ከብዙ ማመንታት በኋላ “ሐማዲዬ፣ ዛሬ ትንሽ... ትንሽ ብቻ... ዘገየህ” ብላ ሞከረች፤ ሐማዲም ራሱን ነቅንቆ “እሺ ላላ፣ ነገ” አላት። ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ስኳሩ አልቀረም፤ እዚህ አገር ስኳር አይቀርም። ሳንቃው ባዶ ከሆነ በኋላ ሆነ እንጂ። ዱዓውም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ሐማዲ ጉንፋን ይዞት የቀረ ቀን ላላ ኸዱጅ በራቸውን ለመክፈት ሲነሱና ሲቀመጡ ዋሉ። “ጉልበቴን ጨረሱት” ብለው ለባቱል አማረሩላት፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ እናት ያበራ ነበር።

አሁን ባቱልን የያዛት ሌላ ሥራ ነው፤ ከሁሉም የከበደው። የሰፈሩ ሰው ቅሬታ መናገር ቢለምድም ለእሷ ነው ይዞ የሚመጣው። “ላላ ባቱል፣ ሐማዲ እንዲህ አደረገ።” “ላላ ባቱል፣ ያቺ ልጅ ፎጣውን አረጠበችው፣ ንገሪልን።” እሷም እየሄደች ታስታርቃለች። አንድ ቀን ታዲያ በራሷ ዘዴ ራሷን ያዘች፦ የመጨረሻዋን ደረጃ፣ ማስረከቡን፣ አሁንም የያዘችው እሷ ናት። እንግዲህ እሷ ራሷ ሳንቃውን የምትለቅበት ጊዜ ደርሷል። ሰፈሩንም ማስተማር ያስፈልጋል፤ እንደ ሐማዲ፣ ትንሽ በትንሽ። መጀመሪያ ቅሬታ ሲመጣባት አብራ ሄዳ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ከጥጉ አላለፈችም። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከግቢዋ ላለመውጣት እየሞከረች ነው።

ዛሬ ጠዋት መንገዱ ላይ ጩኸት ተነሳ።

“ይሄ ጠርዙ ከሰል ሆኗል!” የላላ ኢጦ ድምፅ ነው።

“እኔ አላቃጠልኩም! ማዓለም ነው ያቃጠለው!”

“አንተ ዓይን የለህም? ለምን ተቀበልከው?”

“አስፓልት ላይ ልጣለው ታዲያ?”

ባቱል ከሎሚው ሥር ብድግ ብላ በሩ ጋ ደርሳለች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ሐማዲ እንዲህ ያለ መልስ ሲመልስ ሰምታ አታውቅም፤ ልታየው ትፈልጋለች፣ ፊቱን፣ የቆመበትን ሁኔታ። ከወዲያ ፀጥታ ሆነ። አንዱ ያለቀሰ መሰላት፤ መቀርቀሪያውን ግማሽ ሳበችው።

“ነገ ለቡሽታ ንገረው” አሉ ላላ ኢጦ በመጨረሻ። “አንተ ንገረው፣ እኔ ደክሞኛል።”

“እነግረዋለሁ። እቆጣዋለሁ።”

ባቱል መቀርቀሪያውን መልሳ ገፋችው፤ እጇን ግን ገና አላነሳችም።